ሶፋውን ሳልገለብጥ

ይሄን የምጽፍላችሁ ሻወር ቤት ገብቼ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ነው። ሳሎናችን በጎረቤት ተሞልቷል። ሁሉም «እንኳን ደስ አለሽ» ሊሉኝ ነው የመጡት።

ምንም ደስ የሚል ነገር የለም!

ማለቴ... ዛሬ ጠዋት ቤታችን ሽማግሌ መጥቷል። ሦስት አባቶች፣ በእሁድ ማለዳ፣ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው በራችንን አንኳኩ። ይሄ እውነት ነው።

ግን ቆይ፣ እናንተም እልል እንዳትሉ። እልልታውን እናቴ ጨርሳዋለች።

ከሥሩ ልጀምር። ካልሆነ አይገባችሁም፤ እኔም ራሴ ገና እየገባኝ ነው።

ቆየት ያላችሁ ፎሎወሮቼ የሶፋውን ቪዲዮ ታስታውሳላችሁ። እንደውም ግማሾቻችሁ እዚህ ፔጅ የመጣችሁት በእሱ ነው። አሁን ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ዛሬ አጥፍቼዋለሁ። ስክሪንሾት የያዛችሁ ካላችሁ እባካችሁ እዛው ስልካችሁ ውስጥ ይቅር።

ያላያችሁት ምንም አልቀረባችሁም። እኔ ነኝ፣ ስልክ ይዤ ስጮህ።

እቁብ ደረሰኝና ለእማዬ ሶፋ ገዛሁላት። ኤል ሼፕ፣ ግራጫ፣ ስትቀመጡበት «ውይ» የሚያስብል። የገዛሁት ጌጃ ሰፈር ካለ አንድ የፈርኒቸር ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም። ባለፈው የጠራሁት ለዕድሜ ልኬ ይበቃኛል።

እማዬን ለማታውቋት፦ የወሎ ሴት ናት። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ የብሎካችን ሬዲዮ እሷ ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ አንድ የግል ክሊኒክ ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ፣ አላገባሁም፣ ሠላሳን ልደፍን ነው። ከስኳሯ ይልቅ የምታስበው ይሄን የመጨረሻውን ነው።

ሶፋው በገባ በሳምንቱ አክስቴ ልትጠይቀን መጣች። ጥሩ ሰውነት ያላት አክስቴ ናት፣ ማሻአላህ። ቢስሚላህ ብላ ቁጭ አለች።

ቀጭ!

አክስቴ ከነሻይዋ ምንጣፉ ላይ ተገኘች። የሶፋው አንድ እግር ወደ ጎን ተኝቷል። እኔ ሮጬ ያነሳሁት አክስቴን ሳይሆን ስልኬን ነው፣ ይሄንንም ስክሪንሾት እንዳታደርጉ።

በባትሪ ሥሩን ሳይ የተወጠረው ጥቁር ጨርቅ ጫፉ ላይ ተቀዷል። በቀዳዳው ውስጥ ቡናማ ነገር ይታየኛል። ጠጋ ብዬ አየሁ።

ካርቶን!

አጃኢብ! ደሜ ፈላ። እናንተ ብትሆኑ አይፈላም? የእናቴ ሶፋ፣ የእቁቤ ሶፋ፣ ካርቶን! እዛው ቁጭ ብዬ ቪዲዮ ቀረጽኩ። «በእንጨት ፋንታ ካርቶን የሚሸጡ ሌቦች!» አልኩ። ሌቦች የምትለዋን ደግሜ ደጋግሜ አልኳት፣ ስትደጋገም ታምራለች። የድርጅቱን ስም፣ የታፔላውን ፎቶ፣ ስልክ ቁጥራቸውን፣ ሁሉንም ለጠፍኩት።

ከዛ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ስልኬ አበደ! ላይክ፣ ሼር፣ ኮሜንት። «ጀግና ነሽ እህቴ!» «እኔንም ዘርፈውኛል!» «ሀገሪቱን የገደሉ እነሱ ናቸው!» አንዱ ደግሞ ሐዋሳ እንደሚኖርና አዲስ አበባን አይቷት እንደማያውቅ ነግሮን ሲያበቃ «ግን እነዚህን ሰዎች በደንብ አውቃቸዋለሁ» ብሎ ጻፈ። እኔም ልብ ሰጠሁት።

ቀናት እንደዚህ በክብር አለፉ። ሐሙስ ሥራ ቦታ ሆኜ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

ድምፁ የተረጋጋ ሰውዬ ነው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የድርጅቱ ባለቤት ነኝ» አለኝ። «ያልሽው እውነት ከሆነ ታስረጃለሽ። ካልሆነ ጠበቃዬ ክሱን ጨርሷል፣ ፍርድ ቤት እንገናኛለን። ለቤትሽም ቅርብ ነው።»

ለቤትሽም ቅርብ ነው!!

እውነቱን ነው ደግሞ። ሶፋውን ያደረሰው የእነሱ መኪና ስለሆነ ቤታችንን ያውቁታል። ከበረንዳችን ልብስ ሳሰጣ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚሄደው ባለጉዳይ ይታየኛል። ፌስታል ሙሉ ወረቀት የታቀፈ፣ ኮቱን ያጠለቀ፣ በስልክ የሚጨቃጨቅ። ስንት ዓመት ሙሉ «ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎ ይሆን?» እያልኩ ስገምት ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ሌላ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ እኔን ይገምታል ብዬ አላሰብኩም።

ለስልኩ ምን መለስኩ መሰላችሁ? «ክሰሱኝ! እውነት አይከሰስም!» ብዬ ዘጋሁበት።

ማታ ሥራ ውዬ ስገባ ደረጃው ላይ ሰብለን አገኘኋት። ሰብለ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጠበቃ ናት፣ የእድሜ እኩያዬ፣ የብሎኩ ሁሉ ነፃ አማካሪ። ይዤያት ቤቷ ገባሁ።

«ሀዩ፣ ሶፋውን ገልብጠሽ አይተሽዋል?» አለችኝ መጀመሪያ።

«በቀዳዳ አይቼዋለሁ።»

«ሌቦች ያልሽውስ በምን ማስረጃ ነው?»

«በንዴት ነው።»

«ንዴት ማስረጃ አይሆንም የኔ ቆንጆ። ከመለጠፍሽ በፊት ደውለሽላቸዋል?»

እኔ? ደውዬ? ስልክ ቁጥራቸውን ለሕዝብ በሙሉ ሰጥቼ እኔ ራሴ አንድ ቀን አልደወልኩበትም። እስካሁን ይገርመኛል።

ሰብለ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የሰውም ሆነ የድርጅት ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔር ያስጠይቃል፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል። ስልክ ላይ ስለሆነ ቀልድ አይሆንም፣ እንደውም ብዙ ሰው ጋር ስለሚደርስ ይብሳል። «እውነት ነው» ማለትም ብቻውን ሁልጊዜ አያድንም፣ ለመጉዳት ብለሽ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው።

ፍርሃቴን ልንገራችሁ። ክሊኒክ ያለኝ ኮንትራት ሊታደስ ቀርቧል። የተከሰሰች ልጅ ሪሴፕሽን ላይ ማን ያስቀምጣል? እማዬ ደግሞ የስኳር መድኃኒቷ በእኔ ደሞዝ ነው።

ግን ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከፍርሃቱ እኩል ጉጉት ያዘኝ። ወላሂ! መስመሩ የት ጋ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። ምን ድረስ ይባላል? ከየት ጀምሮ አይባልም?

«ሰብልዬ፣ በጥያቄ ምልክት ብጽፈውስ? 'ሌቦች ይሆኑ እንዴ?' ብዬ?»

«ዳኛው ማንበብ ይችላል።»

«ከስማቸው መሐል ሁለት ፊደል በኮከብ ብሸፍንስ?»

«የታፔላውን ፎቶ አብረሽ ለጥፈሽ?»

«ስቄ ብለውስ? ቀልድ ነው ብልስ?»

«እነሱ ሳቁ?»

«እሺ፣ 'አላህ ይፍረድባቸው' ብልስ?»

እሷ ራሷ ሳቀች። «እሱን በይ። ያኛው ችሎት የእኛን ሥነ ሥርዓት አይከተልም።»

ታዲያ ምን ይፈቀዳል? ይሄን ነው በደንብ ያዳመጥኩት። የደረሰብኝን ማውራት እችላለሁ። ገዛሁ፣ በሳምንቱ ተሰበረ፣ አዝኛለሁ፣ አልወደድኩትም፣ ለጓደኛዬ ግዢ አልላትም። ይሄ የእኔ ነው። ሰውን ሌባ፣ አጭበርባሪ፣ ካርቶን ሻጭ ስል ግን የደረሰብኝን መናገሬን ትቼ ስለ እነሱ አንድ ነገር መሰከርኩ ማለት ነው። ምስክር ደግሞ ያየውን ነው የሚናገረው።

«አሁኑኑ አጥፊውና ደውይላቸው» አለችኝ።

ቤት ገባሁ። ፖስቱን ከፈትኩ። ጣቴን «ዲሊት» ላይ አሳረፍኩ።

ልክ በዛች ሰዓት አንዱ «እንዳንቺ ዓይነት ሴት ቢበዛልን ሀገር ትለወጥ ነበር» ብሎ ኮሜንት ጻፈልኝ።

ሀገር ልለውጥ ነው እንግዲህ። ጣቴን አነሳሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያሉት እንደኔ ያለችውን አይተው መሆን አለበት።

ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። ስለ ፖስቱም፣ ስለ ስልኩም። ሰውዬውም ዳግም አልደወለም፤ ረስቶታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ዛሬ ደረሰ። እሁድ ጠዋት።

የጥርስ ብሩሽ አፌ ውስጥ ነው፣ ፀጉሬ በሻሽ ታስሯል፣ የለበስኩት የአባቴን አሮጌ ቲሸርት ነው። በሩ ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች።

ሦስት አባቶች። አንደኛው ነጭ ቆብ ያደረጉ ሐጂ፣ አንደኛው ጋቢ የለበሱ፣ አንደኛው ኮት ለብሰው ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ዝምተኛ።

«እንደምን አደራችሁ፣ ቤቶች!»

«አልሐምዱሊላህ፣ ግቡ! ቁጭ በሉ!»

«አንቀመጥም» አሉ ሐጂ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ይሄ ሀገር ውስጥ ያደገ ሰው ይሄ አነጋገር ምን እንደሆነ ያውቃል። እማዬ ዞራ አየችኝ። እንዲህ ዓይነት ፊቷን አይቼው አላውቅም። በዓይኗ «ሂጂ ልበሺ!» አለችኝ።

ለእናንተ አልደብቅም። እኔም ሮጥኩ!

ሐሙስ የደወለው ሰውዬ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። መኝታ ቤት ገብቼ የዒዱን ቀሚስ አወጣሁ። ማን ይሆን የላከብኝ? የክሊኒካችን ፋርማሲስት ነው! ሁልጊዜ «ደህና ዋልሽ?» ሲለኝ ፈገግታው የተለየ ነበር። ጫማውን ብቻ ነው የማልወድለት፣ እሱንም ቀሚሴን ሳጠልቅ ይቅር አልኩት።

ወጉን ታውቁታላችሁ። የልጅቷ ቤተሰብ መጀመሪያ ይግደረደራል። «ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ኑ» ይባላል። ሽማግሌ ተመላልሶ ነው እሺ የሚባለው።

እማዬ ምን አለች?

«እሺ ብለናል! ቁጭ በሉ!»

«ኧረ ገና ምኑን ተናገርንና...» አሉ ጋቢ የለበሱት አባት።

«የምትሉትን አውቀዋለሁ! ከእናንተ ዓይነት ሰው ክፉ ነገር አይመጣም! እሺ ብለናል!»

ቀጥላም እልልልልልል!

ከላይ ፎቅ እትዬ አልማዝ እልልልል ብለው መለሱላት። ከታች ሌላ። ከማዶ ብሎክ ሌላ። እማዬ በረንዳ ወጥታ ወደ ታች ለሱቁ «ለስላሳ ላኩልኝ፣ ሽማግሌ መጥቶልኛል!» ብላ ጮኸች። አለቀ። ጌጃ ሰፈር ድረስ ተሰምቷል ብል አላጋነንኩም።

አባቶቹ ግራ ገብቷቸው ቁጭ አሉ። የት? ሶፋው ላይ ነዋ!

የተሰበረውን እግር በብሎኬት ደግፈነዋል። እማዬ ሐጂንና ባለ ጋቢውን ደህናው በኩል አስቀመጠቻቸው። ዝምተኛው በብሎኬቱ በኩል ቁጭ ሲሉ ሶፋው ወደ ጎን ዘመም አለ። አጎንብሰው ሥሩን አዩት።

እማዬ አፈረች። ሲያፍር ብዙ የሚያወራ ሰው ታውቃላችሁ? እናቴ ናት።

«ይቅርታ አባቶቼ፣ አዲስ ነበር እኮ! በደረጃ አልገባ ቢል ጊዜ ጫኝና አውራጆቹ በገመድ አስረው በበረንዳ ሲጎትቱት፣ እዚህ ብረቱ ጋ ሲደርስ ቷ! ብሎ ተጋጨ። ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ ብዬ እየጮህኩ! ከዛን ቀን ጀምሮ እግሩ ያነክሳል።»

እኔ አንድ የጆሮ ጌጥ አድርጌ፣ ሌላውን በእጄ ይዤ፣ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ።

በገመድ?!

ሶፋው በመጣ ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሻጮቹ መኪና ምድር ላይ አውርዶት ሄደ፤ አራተኛ ፎቅ ያወጡት የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ናቸው። ይሄን አውቃለሁ። መጋጨቱን ግን ማንም አልነገረኝም። እማዬ «ልጄ በእቁቧ ገዝታልኝ ታዝናለች» ብላ ደብቃኛለች። ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ያየውን ነገር እኔ ብቻ አላውቅም!

«በገመድ?» አሉ ዝምተኛው።

«በገመድ!» አለች እማዬ ደስ ብሏት። ጨዋታው የያዘላት መስሏታል። ከዛ እኔን ማሞገስ ጀመረች። «ልጄ ውሸት አታውቅም። ያየችውን ነው የምትናገረው። ስልኳ ላይ ስንት ሰው ይከተላታል መሰላችሁ!»

«እናውቃለን» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «እኛም በእሱ ነው የመጣነው። እህቴ፣ ይቅር በይን፣ ለጋብቻ አይደለም። ለእርቅ ነው።»

ከላይ እትዬ አልማዝ አሁንም እልል እያሉ ነው።

«የምን እርቅ? ከማን ጋር?» አለች እማዬ። ባለ ጋቢው አባት ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። የእኔ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። «ሌቦች! ሌቦች! ሌቦች!»

እማዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዛ ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም።

«ሀያት፣ ሰውየው ሲሰርቅ አይተሻል?»

አፈርኩ። ኦንላይን ላይ እንደምንለው «አፈርኩ ሃሃሃ» አይደለም። ፊቴ ተቃጠለ፣ እንባዬ መጣ። አባቴ በሕይወት ቢኖር የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነበር።

አባቶቹ ነገሩን አስረዱን። ከድርጅቱ ባለቤት ጋር ጌጃ ሰፈር አንድ እድር ናቸው። ሐጂ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ ይነግዳሉ፣ ባለ ጋቢው ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ ዝምተኛው የድሮ አስተማሪ። ሰውዬው ነገ ክሱን ሊያስገባ ነው። እነሱ ናቸው «ልጅ ናት፣ መጀመሪያ እናናግራት» ብለው የለመኑት። ቪዲዮው ከወጣ ወዲህ ያዘዘው ሰው ሁሉ ትዕዛዙን ሰርዟል፣ የሶፋ ልብስ የሚሰፉት ሴቶች ሥራ የለም ተብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል።

ስለ እነሱ አስቤ አላውቅም ነበር። ለእኔ ታፔላ ነው የነበረው።

«ሶፋውን እንገልብጠው» አሉ አስተማሪው።

ገለበጥነው። ሁላችንም፣ ሽማግሌዎቹም፣ እኔ በዒድ ቀሚሴ። ጥቁሩን ጨርቅ ቀደድነው። ውስጡ እንጨት ነው። ደህና፣ ወፍራም እንጨት። እግሩ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተፋቆ ቀርቷል። የበረንዳችን ብረት አረንጓዴ ነው።

ካርቶኑስ? ካርቶኑ አለ! ጎኑ ላይ፣ ክንድ ማሳረፊያው ሥር!

«ይኸው! ይኸው ካርቶን!» ብዬ ጮህኩ። አራቱም አዩኝ። በዚህ ሰዓትም ማሸነፍ እፈልጋለሁ፣ ምን ልሁን?

«ካርቶኑ አለ» አሉ ሐጂ።

«እንጨቱም አለ» አሉ አስተማሪው።

ታዲያ ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ሶፋ ውስጥ ካርቶን መግባት አለበት? የለበትም? እርስ በርስ ተያየን። ከአምስታችን አንድም የሚያውቅ የለም። እኔ ሳላውቅ ለሀገር አስተምሬአለሁ!

ጉጉቴ ተነሳብኝ። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብዬ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ ሰብለ ጋ። የሰብለ ሶፋ ከውጭ የመጣ ነው፣ ልጆች እንዳይቀመጡበት የምትከለክለው። በሩን ከፍታ አቀፈችኝ። «ሀዩዬ! እንኳን ደስ አለሽ!»

«ሰብልዬ ተነሺልኝ፣ ሶፋሽን ልገልብጥ።»

ጨርቁን በጥፍሬ ገለጥ አድርጌ በባትሪ አየሁ። ካርቶን!

እትዬ አልማዝ ጋ ወጣሁ። እልልልል! ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። «ማነው ልጁ? ምን ይሠራል?» ይላሉ፣ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ጭንቅላቴን ሶፋቸው ሥር ከትቻለሁ። ካርቶን!

ማዶ በር። «እንኳን ደስ አለሽ!» ካርቶን! ከዛ ቀጥሎ ያለው ቤት። «በስተመጨረሻ!» አሉኝ ሴትየዋ፣ ሰድበውኝ ይሁን መርቀውኝ አልገባኝም። የእሳቸውም ካርቶን!

ተመልሼ ለሽማግሌዎቹ ሪፖርት አቀረብኩ። የሁሉም ሶፋ ካርቶን አለው። ክንዱን ቅርፅ ማስያዣ ነገር ይመስለኛል፣ እሱንም አልምልም፣ ከዛሬ ጀምሮ የማላውቀውን አልምልም። ግን ክብደቱን የሚሸከመው እንጨቱ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። «ካርቶን አለው» ያልኩት እውነት ነው። «በእንጨት ፋንታ» ያልኩት ውሸት ነው። «ሌቦች» ያልኩትን ከንዴቴ ነው የፈጠርኩት። አንዷን እውነት ይዤ ሁለቱን ከኋላዋ አስከተልኳቸው፤ እሷን አይቶ ሰዉ ሁሉንም አሳለፋቸው።

ፖስቱን እዛው ፊታቸው አጠፋሁት። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሰብለ የምታውቀውን የማስተባበያ ቋንቋ ትጽፍልኛለች ብዬ ነበር፣ ሐጂ እምቢ አሉ።

«በባለሥልጣን ቋንቋ አይሁን» አሉኝ። «ሰው ያመነሽ በዛ አፍሽ ነው። በዛው አፍሽ መልሺው።»

ይኸው በዛው አፌ፦ ሶፋውን የሰበረው የእኛ በረንዳ ነው። ድርጅቱ በእንጨት ፋንታ ካርቶን አልሸጠልኝም። ሌባ ብዬ የጠራሁት ሰው ሲሰርቅ አላየሁም። አሁን ስሙን ብደግመው ሌላ ጭቅጭቅ ይሆናል ብለን ነው የተውነው፤ ያያችሁት ታውቁታላችሁ፣ ሼር ያደረጋችሁ ይሄንንም ሼር አድርጉልኝ።

አንድ ነገር ግን እላለሁ፣ ሰብለም አይታ ፈቅዳልኛለች። ስገዛ «ስንተኛ ፎቅ ነው? በደረጃ ይገባል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቢጠየቅ ጥሩ ነበር። ይሄ የደረሰብኝ ነው፣ የእኔ ነው፣ አላጠፋውም። አስተማሪውም «እዚህ ላይ ልክ ነሽ» ብለውኛል፣ ዛሬ ያገኘኋት አንዲት ማርክ እሷ ናት።

ባለቤቱን በስልክ አገናኙኝ። ያው የተረጋጋ ድምፅ። «ትጻፈውና አያለሁ» አለ። ክሱን አነሳለሁም አላለም፣ አላነሳምም አላለም። ጋሼ፣ አሁን እያነበቡ ከሆነ፣ ከልቤ ነው። ለሚሰፉት እህቶችም ይንገሩልኝ። ነገ ጠዋት በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ወደ ፍርድ ቤቱ ሲያልፉ እንዳላይዎት እየጸለይኩ ነው።

ሽማግሌዎቹ መርቀውን፣ ለስላሳቸውን ጠጥተው ወረዱ። እነሱ ሲወርዱ ጎረቤት ሲወጣ ደረጃው ላይ ተጋጩ። «አላህ ያሳምርላቸው» ሲሏቸው ሰማሁ፣ ሐጂ ምን ብለው እንደመለሱ አላወቅኩም።

ሻወር ቤት የገባሁት ያኔ ነው።

አሁን ቅድም እማዬ በሩን ቆረቆረች። በበሩ ክፍተት ለመንኳት። «እማዬ በአላህ፣ እኔ ለሕዝብ በሙሉ ጽፌ እያስተባበልኩ ነው። አንቺም ንገሪያቸው እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

«ለጋብቻ አልመጡም በያቸዋ!»

«እኔ ለጋብቻ መጡ ብያለሁ?» አለችኝ። «ሽማግሌ መጥቶልኛል ነው ያልኩት። አልመጡም?»

መጥተዋል።

አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። ልክ የእኔ «ካርቶን አለው» እኮ ነው! ሙያው ከእናት ነው ለካ!

ለሰብለ ቴክስት አደረግኩላት። «እናት ትከሰሳለች?» አልኳት። «ፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው» ብላ መለሰችልኝ፣ ከሳቅ ኢሞጂ ጋር።

እኔ የእኔን በአንድ ጣት አጠፋሁት። እትዬ አልማዝ ግን አሁን ሳሎን ውስጥ ድንኳኑ የት እንደሚተከል እያወሩ ነው፣ እየሰማኋቸው ነው።

እናንተ አዋቂዎች፣ እስቲ ንገሩኝ፦ እልልታ ዲሊት የሚደረገው የቱ ጋ ተነክቶ ነው?